እርጥብ ባሚያ

ገበያ ወጥቼ የደረቀ ባሚያ ስገዛ ክንዴን እስከ ብብቴ ጆንያው ውስጥ ሳልሰድ ገንዘቤን አላወጣም። የገዳሪፍ ነጋዴዎች ለምደውኛል። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ፣ «መጣች፤ ወርቅ የቀበርንበት ይመስላታል» እያሉ ይሳሳቃሉ። ይሳቁ። እኔ የምፈልገው ከደረቁት መሃል የተደበቀች አንዲት እርጥብ ባሚያ ነው። እስከ ዛሬ አግኝቼ አላውቅም። ባገኝ ምን እንደምሆንም አላውቅም።

ነገሩ የሆነው ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው። የምንኖረው ሱዳን ውስጥ ባሱንዳ ነበር፤ ከኢትዮጵያ ጠረፍ ትንሽ ወዲህ፣ ዙሪያውን ሰሊጥና ማሽላ በሆነ ሰፈር ውስጥ። አባቴ ምንይችል ከመተማ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። በዓመቱ እናቴን በለጠችን አስመጣት፤ እኔን ፀደይን አዝላ ተሻገረች። ታናሽ ወንድሜ እዚያው ስለተወለደ እንግዳው አሉት። እንግዳው ሁለት ዓመት ሲሞላው አባቴ፣ «አንድ ወር ብቻ፤ ሥራ ይዤ እደውላለሁ» ብሎ በሊቢያ መንገድ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አለፈ።

ስለዚህ «አንድ ወር» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። ጎረቤታችን ሱፊያን የሚባል ልጅ ነበረ፤ የእሱም እናት «አንድ ወር» ብላ ነው ከአንድ ሾፌር ጋር ካርቱም የሄደችው። ሱፊያን ጠዋት እኛ ቤት፣ ማታ ሌላ ቤት እየበላ አደገ። ምግብ ሲሰጡት አንገቱን ደፍቶ ቶሎ ቶሎ ይጎርሳል፤ አንድ ሰው መጥቶ የሚነጥቀው ይመስል። እሱን ሳይ የእኔም ዕጣ ይኸው ይመስለኝ ነበር።

ባሚያው መምጣት የጀመረው ጳጉሜ ላይ ነው። የሚያመጣው ጋሼ ካሣ ነበር። ጋሼ ካሣ በአንድ ትልቅ እርሻ ላይ ትራክተር የሚነዳ፣ ረጅም፣ ጥርሱ የተነቃነቀ ሰው ነው። አባቴ እያለ ጓደኛው ነበር። አሁን ግን አባቴ ሳይኖር ይመጣል፤ ይኸ አንድ ነገር ነው ብዬ ያዝኩበት። ጆንያውን ከትራክተሩ ላይ አውርዶ በራችን ላይ ሲዘረግፈው ባሚያው ጠል እንደቋጠረ ነው፤ ሣር ሣር ይሸታል፤ ፀጉሩ እጅ ይበላል።

እናቴ ከጠዋት ጀምራ ራኩባው ሥር፣ ያ በሣር የተከደነ ዳሳችን ሥር፣ ትቀመጥና ባሚያውን ቀለበት ቀለበት አድርጋ ትቆርጠዋለች። ልጋጉ ከጣቷ ወደ ክንዷ ይወርዳል። ቢላዋውን በየመሃሉ በአመድ ትጠርገዋለች። እኔ የተቆረጠውን ተሸክሜ በርሜሎች ላይ በተነጠፈው ቆርቆሮ ላይ እበትናለሁ። ቲማቲሙ ለብቻው በጨው ይታሻል፤ ሽንኩርቱ ለብቻው ይሰጣል። ዝንብ እንዳያርፍበት የምናለብሰው ናሙሲያችንን ነበር፤ ያንኑ የወባ መከላከያ መረብ። ማታ ደግሞ ይነሣና የእኔና የእንግዳው አልጋ ላይ ይሰቀላል። ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተን ነበር የምንተኛው። እናቴ መረብ አልነበራትም። ያኔ ይኸ ምንም አልመሰለኝም፤ እናት መረብ እንደሚያስፈልጋት የነገረኝ የለም።

አደራረቁን ያስተማረችን እትዬ ፈቲያ ናት። እትዬ ፈቲያ አባቷ የወሎ ሰው፣ እናቷ የገዳሪፍ ሴት ናት። ግድግዳችን አንድ ነው። አማርኛዋ መሃል ላይ ሲደክማት በዐረብኛ ትጨርሰዋለች። አንድ የደረቀ ቀለበት አንሥታ ጆሮዬ ሥር ሰበረችው።

«ሰማሽ ልጄ፣ ያ ቢቲ? ቀጭ ካለ ደርሷል። ዝም ብሎ ከተጠማዘዘ ገና ነው፤ ነገም ይዋል።»

«ሳይደርቅ ቢገባስ?» አልኳት።

«አንድ እፍኝ ያልደረቀ ከገባ፣ ኸላስ! ጆንያው በሙሉ ይሻግታል። ላዩ ደህና ይመስልሻል፤ ሥሩ ጥቁር ነው።»

ይኸን ትምህርት ከሰማሁት ትምህርት ሁሉ በላይ ያዝኩት።

ታዲያ እናቴን አንድ ነገር አግኝቷታል። ክንዷ እየቀጠነ፣ ጉንጯ እየገባ፣ ሆዷ ግን እየገፋ ነበር። ስትታጠብ አየሁት። ከጎድኗ ሥር በግራ በኩል ጎልቶ ወጥቷል። ምሳ ሰዓት ሲሆን በዚያ ሙቀት ጋቢ ለብሳ ትንቀጠቀጣለች፤ ከዚያ ላብ በላብ ትሆንና ተነሥታ ቢላዋዋን ታነሣለች። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ የሴት ሆድ ሲገፋ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። አባታችን በሌለበት እናታችን አርግዛለች፤ ያስረገዛትም ይኸው ባሚያ የሚያመላልሰው ሰውዬ ነው አልኩ። ለማንም ሳልናገር ፈረድኩባቸው።

አንድ ቀን እኔ ከቆርቆሮው ጀርባ ሆኜ ሽንኩርት ስገለብጥ ራኩባው ሥር ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«ቀኑ በገፋ ቁጥር ይብስብሻል እንጅ አይሻልሽም» አለ ጋሼ ካሣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ እወስድሻለሁ። ሾፌሩንም አነጋግሬዋለሁ።»

«ልጆቹስ?»

«ፈቲያ አለች አይዶል? አንድ ወር ነው እኮ።»

«ባዶ እጃቸውን ሰው ቤት አልጥላቸውም። ሦስቱ ጆንያ ይሙላ። ሦስቱ ሲሞላ እሄዳለሁ።»

«በለጠች፣ ጊዜ የለሽም። የደረሰብኝን ነው የምነግርሽ።»

«ሦስቱ ይሙላ አልኩህ እኮ።»

አንድ ወር። ሾፌር። ሰው ቤት። ልክ እንደ ሱፊያን እናት። ሻይ እንዳደርስለት ስትጠራኝ ለቲማቲሙ ከተቀመጠው ጨው አንድ ጭብጥ ብርጭቆው ውስጥ ጨመርኩበት። ጋሼ ካሣ አንድ ጊዜ ፉት አለና ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ጠጣው። «ጎሽ፣ እጅሽ ይባረክ» ብሎ ብርጭቆውን መለሰልኝ። ይኸ ጭራሽ አናደደኝ።

ዛሬ የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር። በእናቴ ሆድ ውስጥ ልጅ አልነበረም። ያበጠው ጣፊያዋ ነው። ካላዛር ይባላል፤ ከትንኝ የምታንስ ዝንብ የምታመጣው፣ የእርሻ ሠራተኛውን በየዓመቱ የሚለቅመው በሽታ። ጋሼ ካሣም ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ይዞት፣ ገዳሪፍ ተኝቶ በመርፌ ድኖ ነበር። ጥርሱ የተነቃነቀውም ከዚያ ወዲህ ነው። መርፌው በየቀኑ ይወጋል፤ ወር ገደማ እዚያው ተኝቶ ነው። በጊዜ የደረሰ ይድናል። እኔ የእናቴ ፍቅረኛ ያደረግኩት ሰው ሞትን አይቶ የተመለሰ፣ ሌላዋን ለመመለስ የሚለምን ምስኪን ነበር።

የመጀመሪያው ጆንያ ሊሞላ አንድ ክንድ ሲቀረው እናቴ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። እንግዳው ተኝቷል። ገና ከተዘረገፈው ባሚያ አንድ እፍኝ አነሣሁ፤ ከዚሩ፣ ከውኃ ጋናችን፣ ነከርኩት። እጄን ወደ ጆንያው ሰድጄ መሃል ላይ ቀበርኩት። ሁለተኛ እፍኝ ከሥር፣ ሦስተኛ ከጎን። ከዚያ እጄን ታጥቤ ወንድሜ አጠገብ ተኛሁ። በጣም ተደስቼ ነበር። እናቴን ያዳንኳት መስሎኛል።

በመስቀል ማግስት ጆንያውን ልትሰፋ አፉን ስትከፍተው ሽታው ወጣ። እርጥብ ውሻ፣ እርጥብ ምድር የመሰለ ሽታ። የዘንባባ ምንጣፋችን ላይ ገለበጠችው። ላዩ አረንጓዴ ነው፤ መሃሉ ተጣብቆ ነጭ ፀጉር አብቅሏል፤ ሥሩ ጠቁሯል። እናቴ አጠገቡ ቁጭ አለች። ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። አንዱን አንሥታ ታየዋለች፤ ትጥለዋለች፤ ሌላውን ታነሣለች።

«ሳይደርቅ ከትቸው ነው» አለች ለእትዬ ፈቲያ። «ቸኮልኩ። የኔው ጥፋት ነው።»

እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። በማግስቱ ጋሼ ካሣ ሌላ ባሚያ ዘረገፈ፤ እሷም ጋቢዋን እንደለበሰች ቢላዋዋን አነሣች። «አየሽ፣ አልሄደችም» አልኩ ለራሴ።

ጥቅምት ገባ። ባሚያው አንድ ጆንያ ሞላ፤ ቲማቲምና ሽንኩርቱ ሁለተኛውን መሙላት ጀመረ። እኔም መስጋት ጀመርኩ። በዚህ መሃል እትዬ ፈቲያ አዲስ ድስት ገዝታ መጣች። መካከለኛ፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር ያሰረችበት ድስት ነው።

«ይኸ የነሱ የብቻቸው ነው» አለች ለእናቴ። «ሥጋ የነካው ማንኪያ አይነካውም፣ ዋላሂ። አሁን ሂጂልኝ በለጠች። ጎመንም ቢሆን ቀቅዬ አበላቸዋለሁ።»

«ጎመኑ ባለቀ ቀንስ? ያንች ቤት ቋንጣ ይገባበታል። ለኔ ልጆች ብለሽ የራስሽን ልጆች ልትከለክይ ነው? ወይ የኔዎቹ ዓይን ዓይን እያዩ ሊያድሩ ነው? ጾማቸውን ባንች ላይ አልጭንም። ስንቃቸውን ይዘው ይመጡልሻል።»

«ስንቅ ስንቅ! አንች ተርፈሽ አይዶል ስንቁ?»

እናቴ ቢላዋዋን በአመድ ጠርጋ መቁረጧን ቀጠለች።

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ድስት ተገዝቶልናል። ለአንድ ወር ድስት አይገዛም። ድስት የተገዛለት ልጅ ተሰጥቷል ማለት ነው።

አሁን ሳስበው ለምን ባሚያ፣ ለምን ቲማቲም፣ ለምን ያን ያህል ጆንያ እንደሆነ ግልጽ ነው። እትዬ ፈቲያ እስላም ናት፤ እኛ ክርስቲያን። በእኛ አገር ደንብ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፤ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም። በሌላው ሁሉ አንድ ቤት ነን፤ በሥጋ ድስት ብቻ እንለያያለን። እናቴ ልጆቿን የምታምናት በዓለም ላይ አንዲት ሴት ይህችው ናት፤ ግን ተርበን ያን ድስት እንድንነካ አልፈለገችም፤ እሷንም ልታስቸግራት አልፈለገችም። ሥጋ የማይገባበት፣ ሳይበላሽ እስከሚቀጥለው ክረምት የሚቆይ ምግብ ልትተውልን ነበር። እስከሚቀጥለው ክረምት! አንድ ወር እያለች ለዓመት ታሰናዳ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ብቻዬን ሆኜ እናደድባታለሁ። ለአንድ ማንኪያ ወጥ ብለሽ! እላታለሁ። ምን ነበረበት ብንበላው? እግዜር ይጣላን ነበር? ከዚያ የራሴ እጅ ትዝ ይለኝና አፌን እዘጋለሁ።

ድስቱ በመጣ በሦስተኛው ቀን ሁለተኛው ጆንያ ውስጥም እርጥብ ባሚያ ቀበርኩ። ይኸኛው ግን ዕድሜ አላገኘም፤ በሳምንቱ ተገኘ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴና እትዬ ፈቲያ ጆንያውን ገልብጠው ሲለቅሙ ደረስኩ። እናቴ ትንሽ አየችኝና፣ «ነይ፣ ምሳሽን ብይ» አለችኝ። የማሽላ ገንፎ ነበር። የተረፈውን ለየች፤ ጥቂቱን ጣለች፤ የቀረውን እንደገና ቆርቆሮው ላይ በተነችው። ሌላ ዐሥር ቀን ሄደ።

በዚያ ዐሥር ቀን እናቴ አጠገቧ እንድቀመጥ ታደርገኝ ጀመር። ፀጉሬን ጠዋት ሠርታ ከሰዓት ትፈታውና እንደገና ትሠራዋለች። ስለ መተማ ታወራኛለች፤ ስለ አያቴ፣ ስለ ሰሊጥ ክምር፣ አባቴ መጀመሪያ ሲያያት እንዴት ውኃ እንደደፋ። መሃል ላይ ይደክማትና ዓይኗን ጨፍና እጇን ፀጉሬ ውስጥ እንደተወች ትቆያለች። እኔም ሳልንቀሳቀስ እጠብቃታለሁ። ከልጅነቴ ቀናት ሁሉ መርጠሽ አንዱን ኑሪው ብባል እነዚያን እመርጣለሁ። ያሳፍረኛል፤ ግን እውነቱ ይኸ ነው።

ኅዳር በገባ በሦስተኛው ቀን ሦስተኛው ጆንያ ሞላ። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጆንያውን ጉልበቷ መሃል አድርጋ ወስፌና ክር አዘጋጅታለች። እኔ ሦስት እርጥብ ባሚያ በቀኝ እጄ ጨብጬ ከኋላዬ ደብቄያለሁ። ልትነሣ ስትል ልከተው ነው ሐሳቤ። አልተነሣችም።

«ነይ ልጀ» አለችኝ። «እጅሽን ስደጅ። እስከ ታች። ሁሉም ደርቆ እንደሆን አንች እይልኝ።»

ግራ እጄን ልሰድ ስል፣ «በቀኝሽ» አለች።

ጭብጤን እንደጨበጥኩ ሰደድኩት። ደረቁ ባሚያ እየተንኮሻኮሸ ክንዴን ቧጠጠኝ። እስከ ብብቴ ገባሁ። ጭብጤ የጆንያውን ሥር ነካ። ፊቷ ከፊቴ ስንዝር አይርቅም፤ ትንፋሿ ይሞቃል፤ ዓይኗ ከፊቷ በልጦ ትልቅ ሆኗል። ጣቶቼን ከከፈትኩ ትቀራለች። ይኸን ያህል ቀላል ነበር።

ከዚያ ወስፌውን የያዘውን እጇን አየሁት። አውራ ጣቷ በቢላዋ ተተልትሎ፣ በቲማቲሙ ጨው ተቃጥሎ ቆዳው ተነሥቷል። ይኸ ጆንያ ከተበላሸ ይህች ሴት እንደገና ቁጭ ብላ ልትቆርጥ ነው አልኩ። አሳዘነችኝ። በሽተኛ መሆኗን አላወቅኩም፤ መድከሟን ግን አየሁ። መሄዷን ከማየት ይኸን ማየት በዚያች ደቂቃ ባሰብኝ።

ጭብጤን እንደያዝኩ አወጣሁት።

«ደርቋል?» አለችኝ።

«ደርቋል፣ እማየ።»

ግንባሬን ሳመችኝና የጆንያውን አፍ መስፋት ጀመረች። እኔ ወጥቼ ሦስቱን ባሚያ ለፍየል ሰጠሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጭነት መኪናው መጣ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ እኔ ከቆርቆሮው ጀርባ ገብቼ ተደበቅኩ። ጠራችኝ። «ፀዲ! ፀዲየ!» ሦስት ጊዜ ጠራችኝ። ጉልበቴን አቅፌ ዝም አልኩ። ፈቅጄ ለቅቄያት፣ መልሶ ደግሞ ቂሜ መጣ፤ ትሂድ እንግዲህ፣ ለዚያ ሰውዬ ትሁን አልኩ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። እንግዳው ሲያለቅስ ሰማሁ። መኪናው ሲርቅ ብቅ ብዬ ያየሁት አቧራውን ብቻ ነው።

ገዳሪፍ ላይ ዐሥራ አንድ መርፌ ወሰደች። ዐሥራ ሁለተኛውን አልደረሰችበትም።

ጋሼ ካሣ በትራክተር ሳይሆን በእግሩ መጣ። እትዬ ፈቲያ ቤት በር ላይ ቆሞ ቆቡን አወለቀ። እኔ ውስጥ ሆኜ እንግዳውን ሳበላ ድምፁ ይሰማኛል። «አንድ ወር ቀድማ ብትመጣ ኖሮ አለኝ ሐኪሙ። አንድ ወር ብቻ።» እትዬ ፈቲያ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ መቁጠር ግን እችላለሁ። ከመስቀል እስከ ኅዳር ቆጠርኩ። ከዚያ እስከ ዛሬ ድረስ መቁጠሬን አልተውኩም።

እትዬ ፈቲያ አሳደገችን። አምስት ልጆች ነበሯት፤ ሰባት ሆንን። ቀይ ክር ያለበት ድስት ሥጋ ገብቶበት አያውቅም። ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ የክርስቲያን ጎረቤት ትጠይቅና ከእኔ በፊት ታውቀዋለች። ከእናቴ ጆንያ ትዘግንና ፉንዱክ ውስጥ፣ ያ ትልቅ የእንጨት ሙቀጫ ውስጥ ወቅጣ ወይካውን፣ የደረቀውን ባሚያ ዱቄት፣ በዘይት ትሠራልናለች። እኔ እያንዳንዷን ጉርሻ እንደ ቅጣት ዋጥኳት። ጆንያው ደግሞ አያልቅም። በሚቀጥለው ክረምትም አላለቀም፤ በሚቀጥለውም። አራት ዓመት ሙሉ የእናቴን ባሚያ በላን፤ ተአምር ነው ብዬ አመንኩ፤ እንግዳውም ለጓደኞቹ ይፎክርበት ነበር። እትዬ ፈቲያ እኛ ትምህርት ቤት ስንሄድ አድርቃ አድርቃ በዚያው ጆንያ እንደምትሞላው ያወቅኩት ትልቅ ሴት ሆኜ ነው።

ባለፈው ዓመት ዓይኗ ሲደክም ገዳሪፍ ወደ እኔ ቤት አመጣኋት። እንግዳው ሩቅ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ ይደውላል። ካርቱም በጦርነቱ ከተቃጠለ ወዲህ ከተማችን በተፈናቃይ ሞልቷል፤ ግቢዬ ውስጥም ሁለት ቤተሰብ አስጠግቻለሁ። ስለዚህ በክረምቱ ማብቂያ ብዙ ባሚያ እናደርቃለን። አንድ ከሰዓት እሷ በጣቷ እየዳሰሰች፣ እኔ እያየሁ ስንቆርጥ፣ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ሃያ ዓመት የዋጥኩትን ሁሉ ነገርኳት። እፍኙን፣ ዚሩን፣ የሁለቱን ጆንያ ነገር። «እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ» አልኳት።

እትዬ ፈቲያ መቁረጧን አላቆመችም።

«እናውቅ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ሁለተኛውን ጆንያ ስንገለብጥ እርጥቡን አንድ ላይ አገኘነው። እናትሽ በመዳፏ አድርጋ ለካችው። "ይኸ የልጅ እፍኝ ነው፣ ፈቲያ" አለችኝ። እኔ ዋላሂ ተናድጄ ልገርፍሽ ተነሣሁ። እሷ ከለከለችኝ። "አትሂጅብኝ እያለችኝ ነው፤ ለዚህ ነው የምትመችያት?" አለች።»

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም? ታምሜያለሁ ብትለኝ…»

«ልጅ ፊት የበሽታ ስም መጥራት ትፈራ ነበር። ስሙን ከጠራሁት ልጆቼን ያየብኛል ትላለች። ምን ላድርጋት? እኔስ ለምን ጎትቼ መኪና ላይ አልጫንኳትም? ይኸን አንችም ጠይቂኝ። እኔም ሌሊት ሌሊት ራሴን እጠይቃለሁ።»

ከግቢው ማዶ የተፈናቃዮቹ ልጆች ኳስ ይራገጣሉ።

«የሄደች ዕለት እስከ ዋናው መንገድ አብሬያት ተሳፍሬ ነበር» አለች። «ተደብቀሽ አልወጣሽም ብዬ እኔ ስቆጣ እሷ ትስቃለች። "ተያት፤ እሷ ትናንት ሸኝታኛለች" አለችኝ። "ጭብጧ ውስጥ ያለውን አውቃለሁ። ጆንያው ሥር ብትለቀው ኖሮ ጥያት አልሄድም ነበር፤ ከሞትኩም እዚያው አጠገቧ። ጨብጣ አወጣችው። ልጀ ፈቀደችልኝ፣ ፈቲያ" አለችኝ።»

ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። አለቀስኩ፤ እንደ ትልቅ ሰው ሳይሆን ያን ቀን ከቆርቆሮው ጀርባ ማልቀስ እንደነበረብኝ። አንድ ወሩ አሁንም አንድ ወር ነው፤ ማንም አይቀንስልኝም። እትዬ ፈቲያም አልቀነሰችልኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ ግን እናቴን ያስቀረኋት እኔ ነኝ እያልኩ ስኖር፣ የሸኘኋትም እኔ እንደሆንኩ አላወቅኩም ነበር።

እትዬ ፈቲያ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ እጇን ወደ ቆርቆሮው ዘርግታ አንድ ቀለበት አነሣች፤ ጆሮዋ ሥር አስጠግታ ልትሰብረው ሞከረች። አልተሰበረም፤ ተጠማዘዘ።

«ይኸ ገና ነው፣ ያ ቢቲ» አለችኝ። «ነገም ይዋል።»